«የጉዳት ካሳው አነሰብኝ»፦ ይግባኙ ለማን፣ በምን ላይ? ከዚያስ?

ሰው ሥራ ላይ ሲጎዳ መጀመሪያ ሁሉም ይሮጥለታል። ደጀን ድንጋይ መፍጫ ላይ ይሁን፣ ቡሬ ፋብሪካ ውስጥ፣ ወይም ደብረ ማርቆስ ሕንፃ ላይ፣ ጓደኞቹ ተሸክመው ሆስፒታል ያደርሱታል። ጣጣው የሚመጣው ቁስሉ ከጠገገ በኋላ ነው። አንድ ወረቀት ይደርሰዋል። ወረቀቱ «ጉዳቱ ከሥራው ጋር አይያያዝም» ይላል፣ ወይም ያልጠበቀውን ትንሽ ቁጥር ይዞ ይመጣል። ሰውየው «ይግባኝ እላለሁ» ብሎ ይነሳል። ለማን እንደሚል፣ በምን ላይ እንደሚል ግን የሚነግረው ሰው ያጣል።

ብዙ ሰው ይግባኝ ሲል የደረሰበትን መከራ ደግሞ ይተርካል። መከራው እውነት ነው፤ ማንም አይክደውም። ይግባኝ ሰሚው የሚፈልገው ግን ሌላ ነገር ነው፦ ውሳኔው የተሳሳተው የቱ ላይ ነው? ይህንን ለይቶ የያዘ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል።

ለመሆኑ ከፋዩ ማን ነው?

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው ይላል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሠራተኛው «አሠሪዬ አጥፍቷል» ብሎ ማስረዳት አይጠበቅበትም። ሥራ ላይ መጎዳቱን ካሳየ ይበቃል። አሠሪው ከኃላፊነት የሚያመልጠው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ ነው። በግልጽ የተሰጠ የደህንነት መመሪያ መጣስና ሰክሮ ሥራ መግባትም እዚያው ይመደባሉ።

ገንዘቡ የሚመጣው ግን በሁለት በር ነው። የጡረታ ሽፋን ያለው ሠራተኛ ጉዳቱ የሚታየው በጡረታ ሕግ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆነ አዋጅ ቁጥር 1267/2014፣ የግል ድርጅት ሠራተኛ ከሆነ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 ይመለከተዋል። ከደመወዛችሁ በየወሩ 7 በመቶ ተቆርጦ አሠሪው 11 በመቶ እየጨመረ የሚያስገባ ከሆነ ሽፋን አላችሁ ማለት ነው። ሽፋን የሌለው ሠራተኛ ካሳውን የሚጠይቀው አሠሪውን ነው። አሠሪው ኢንሹራንስ ገብቶ ከሆነ በዚያ ይከፍላል፤ ካልገባ ከኪሱ።

አንድ ነገር በግልጽ ይነገር። እነዚህ ሕጎች ተቀጥሮ ለሚሠራ ሰው ናቸው። በራሱ ማሳ ሲያርስ በሬ የወጋው ገበሬ በዚህ መንገድ ካሳ አያገኝም። ይህ ጎጃም ውስጥ ስንቱን ቤት እንደሚተው ሳስብ ይከነክነኛል። የሕጉ ወሰን ግን ይኸው ነው።

የሥራ ውል የለኝም፤ ታዲያ መብት አለኝ?

አላችሁ። የሥራ ውል በቃልም ይሆናል። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር ጽፎና ፈርሞ መስጠት የአሠሪው ግዴታ ነው። አሠሪው ይህን ባያደርግ ሠራተኛው መብቱን አያጣም። በግንባታ ላይ በቀን ሥራ የሚውሉ ልጆች ይህንን አለማወቃቸው ብዙ ያስከፍላቸዋል። «ወረቀት የለኝም» ብለው ገና በጠዋቱ ተስፋ ይቆርጣሉ።

ማስረጃው ከሌላ ቦታ ይገኛል። አብሯችሁ የሠራ ሰው ይመሰክራል። ስማችሁ ያለበት የክፍያ መዝገብ፣ በባንክ የገባ ደመወዝ፣ በስልክ የተላከ ክፍያ፣ የመግቢያ ባጅ ሁሉም ይናገራል። ከሁሉም የሚበልጠው የሆስፒታሉ የመጀመሪያ ቀን ካርድ ነው። እዚያ ላይ «እንዴት ተጎዳ?» ለሚለው ጥያቄ የተጻፈው አንድ መስመር በኋላ ትልቅ ክርክር ያስነሳል። ያመጣችሁ ፎርማን «እቤቱ ውስጥ ወድቆ ነው» ብሎ አስመዝግቦ ከሆነ ያ መስመር ይከተላችኋል። ስለዚህ በሽተኛው ባይችል እንኳ አስታማሚው በዚያው ቀን «ሥራ ላይ፣ በዚህ ማሽን» ተብሎ መጻፉን ይይ።

ወረቀቱ ላይ ያለው ውሳኔ ስንት ነገር ይዟል?

ውሳኔው አንድ ይመስላል እንጅ ሦስት ጥያቄ ተመልሶበታል። ጉዳቱ የሥራ ላይ ነው? ስንት በመቶ ነው? በየትኛው ደመወዝ፣ በየትኛው ስሌት ይባዛ?

የመጀመሪያውን እንይ። አደጋው ሥራ ቦታ ላይ በሥራ ሰዓት ከደረሰ ብዙ አያከራክርም። አከራካሪው ከዚያ ውጭ ያለው ነው። ሕጉ እዚህ ላይ ከምናስበው ሰፋ ይላል። አሠሪው ልኳችሁ ሌላ ቦታ ብትጎዱ የሥራ ላይ ጉዳት ነው። ከሥራ በፊት ወይም በዕረፍት ሰዓት ከሥራችሁ ጋር በተያያዘ ምክንያት ግቢው ውስጥ ብትጎዱም እንደዚያው ነው። ድርጅቱ ለሠራተኛ ባቀረበው ሰርቪስ ስትሄዱ ወይም ስትመለሱ የደረሰ አደጋም ይካተታል። በራሳችሁ ባጃጅ የምትሄዱ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል።

ይህ ጥያቄ በጡረታው በኩል ደግሞ ክብደቱ ይጨምራል። ሁለት ሰዎች ወገባቸው ተጎድቶ በቦርድ፣ ማለትም የመሥራት አቅምን በሚመረምር የሐኪሞች ቡድን ውሳኔ፣ ከሥራ ተሰናበቱ እንበል። የአንዱ ጉዳት የሥራ ላይ ከተባለ የጉዳት ጡረታ ያገኛል፤ ስንት ዓመት አገለገልክ አይባልም። የሌላው ተራ ሕመም ከተባለ የሚታየው በጤና ጉድለት ጡረታ ነው። ለዚያ ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል። ካልሞላ በየወሩ የሚከፈል ጡረታ የለም። ሕመሙ ያው፣ ወገቡ ያው፤ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ምክንያት ግን የቤተሰብ እንጀራ ይወስናል።

ሁለተኛውና ሦስተኛው በቁጥር ይታዩ። ይሁኔ የሚባል ልጅ አለ እንበል። ድንጋይ መፍጫ ላይ በወር 6,000 ብር እየተከፈለው ይሠራል። ቀኝ እጁ ተጎዳ። በሚታከምበት ጊዜ አሠሪው እስከ አንድ ዓመት ድረስ ይከፍለዋል። መጀመሪያ 3 ወር ሙሉ ደመወዙን፣ ቀጥሎ 3 ወር ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ 6 ወር ከ50 በመቶ ያላነሰ። ማለትም 6,000፣ ከዚያ 4,500፣ ከዚያ 3,000 ብር ነው። ሕክምናውም በአሠሪው ላይ ነው፤ ሰው ሠራሽ አካል ካስፈለገ እሱም ይጨመራል።

ከታከመ በኋላ የሕክምና ቦርዱ «20 በመቶ ዘላቂ ጉዳት» ብሎ ጻፈ። ይሁኔ የጡረታ ሽፋን ከሌለው ስሌቱ ይህ ነው፦ ለዘላቂ ሙሉ ጉዳት የዓመት ደመወዝ 5 እጥፍ ይከፈላል። የእሱ የዓመት ደመወዝ 72,000 ነው፤ 5 እጥፉ 360,000 ብር ይሆናል። ከዚህ 20 በመቶው 72,000 ብር ነው። ሽፋን ካለውና መሥራት ከቻለ ደግሞ የሚያገኘው ዳረጎት ነው። ዳረጎት ማለት በየወሩ ሳይሆን አንድ ጊዜ የሚከፈል ገንዘብ ነው። የደመወዙ 47 በመቶ በ60 ወር ይባዛል፤ ከዚያ በጉዳቱ መጠን ይባዛል። 2,820 በ60 ሲባዛ 169,200 ነው፤ 20 በመቶው 33,840 ብር። ዳረጎት ለማግኘት ጉዳቱ ከ10 በመቶ ማነስ የለበትም። ድርጅቱ ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር የተዋዋለው የኅብረት ስምምነት የተሻለ ነገር ሊይዝ ይችላልና እሱን አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል።

በመጀመሪያው ስሌት እያንዳንዱ 10 በመቶ 36,000 ብር መሆኑን ልብ በሉ። ደመወዙም እንደዚያው ይመዝናል። ድርጅቱ 6,000 እየከፈለ ለጡረታ 3,000 ብቻ አስመዝግቦ ከሆነ ዳረጎቱ በግማሽ ይወርዳል። እንዲህ ያለው ስህተት ከሐኪም ጋር አይገናኝም። ማስረጃው የደመወዝ ወረቀትና የባንክ ደብተር ነው።

ፐርሰንቱ ካነሰብኝ ዳኛው ይጨምርልኛል?

ሰው በጣም የሚደክመው እዚህ ላይ ነው። የወሰን ክርክር አስቡ። ዳኛው ራሱ ገመድ ይዞ ማሳ አይወርድም። ለኪ ያዛል፤ የለኪውን ወረቀት ይዞ ይፈርዳል። ልኬቱ ተሳስቷል የሚል ሰው ችሎት ላይ ቢጮህ ማሳው አይሰፋለትም። እንደገና ይለካልኝ ማለት አለበት። ፐርሰንቱም እንደዚሁ ነው። የሚለካው በሕክምና ቦርድ፣ በወጣው የጉዳት መጠን ሰንጠረዥ መሠረት ነው። ቦርዱ በተቻለ መጠን ጉዳቱ ከደረሰ በ12 ወር ውስጥ መጠኑን እንዲወስን ሕጉ ይጠብቃል።

ቦርዱ የሚለካው የአካልን የመሥራት አቅም መቀነስ ነው። ስንት ልጅ እንደምታሳድጉ፣ የቤት ኪራይ እንዳለባችሁ አይለካም። ይህ ልብ ይሰብራል፤ ግን ማወቁ ይጠቅማል። ቦርድ ፊት ስትቀርቡ የሚረዳችሁ የምትሠሩት ሥራና አሁን ያቃታችሁ ነገር ነው። «በጣም ያመኛል» ከማለት «መዶሻ መጨበጥ አልችልም፣ ሁለቱ ጣቶቼ አይታጠፉም፣ ከጉልበቴ በላይ ዕቃ ሳነሳ ክንዴ ይዝላል» ማለት ይሻላል። መልክን ክፉኛ ያበላሸ ጠባሳም መሥራት ባይከለክል እንኳ ለካሳ ሲባል እንደ ዘላቂ ከፊል ጉዳት ይቆጠራል። ይህንን ብዙ ሰው አያውቅም።

ልኬቱ እንደገና እንዲታይ ሕጉ በር ከፍቷል። ሕመሙ ከባሰ፣ ከተሻለ፣ ወይም መጀመሪያ የተደረገው ምርመራ ስህተት ከሆነ ሠራተኛውም አሠሪውም እንደገና ምርመራ መጠየቅ ይችላሉ። ሲጠየቅ ግን አዲስ ነገር ይዞ ነው፦ አዲስ ራጅ፣ የስፔሻሊስት ሐኪም ማስታወሻ፣ ቦርዱ ያላየው የነርቭ ምርመራ። ሌላው መታወቅ ያለበት በሩ ሁለት አቅጣጫ መሆኑ ነው። ድጋሚ ምርመራ ፐርሰንቱን ሊጨምር፣ ሊቀንስ፣ ጭራሽ ሊያስቀርም ይችላል። እጁ የተሻለው ሰው ሳያስብ ቢጠይቅ የነበረውንም ሊያጣ ይችላል።

እሺ፣ ይግባኙ ለማን ይገባል?

ከፋዩ አሠሪው ከሆነ ጉዳዩ የሥራ ክርክር ነው። የሚጀምረው በወረዳ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው። ሕጉ በ60 ቀን ውስጥ እንዲወሰን ያዛል። በውሳኔው ያልተስማማ ወገን በ30 ቀን ውስጥ ለዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይግባኝ ይላል። ክሱን ለመጀመርም የጊዜ ገደብ አለ፤ ይርጋ ይባላል። በሥራ ግንኙነት ላይ የሚነሳ ጥያቄ በጥቅሉ በ1 ዓመት ይታገዳል፤ ያልተከፈለ ደመወዝና መሰል ክፍያ በ6 ወር፣ ከሥራ የተባረረ ሰው ልመለስ የሚለው ጥያቄ በ3 ወር። «አይዞህ፣ እኛው እናይልሃለን፣ ክስ ምን ያደርጋል» እየተባለ ዓመቱ ያልፋል። ይህ ያንገበግበኛል። ሽምግልናው ይቀጥል፤ ቀኑ ግን ይቆጠር።

ሽምግልና ካነሳን አይቀር፣ «ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ላይ ከመፈረማችሁ በፊት ከላይ ያለውን ስሌት በራሳችሁ ደመወዝ ሥሩት። ይህ ወረቀት በኋላ የአሠሪው መከላከያ ሆኖ ይቀርባል።

ውሳኔውን የሰጠው ጡረታውንና ዳረጎቱን የሚከፍለው የማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው። ይግባኙ የሚቀርበው ለማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ነው። ይህንን ትቶ ወረዳ ፍርድ ቤት የሚሄድ ሰው «ሥልጣን የለኝም» ተብሎ ይመለሳል፤ እስከዚያ የይግባኙ ቀን ይነጉዳል። የውሳኔ ደብዳቤ በተቀበላችሁ ዕለት ቀኑን ጀርባው ላይ ጻፉበት፤ ፖስታውንም አትጣሉ።

ቀኑ ቢያልፍስ? ያበቃለታል ማለት አይደለም። በፍርድ ቤት ሲሆን የይግባኝ ማስፈቀጃ የሚባል ማመልከቻ አለ። ለመዘግየቱ በቂ ምክንያት ማሳየት ያስፈልጋል። ሆስፒታል ተኝቶ የነበረ ሰው የሆስፒታሉን ወረቀት ያያይዛል። ባለፉት ዓመታት እንዳየነው መንገድ ተዘግቶ ከተማ መግባት ያልቻለ ሰው ያንን የሚያስረዳ ማስረጃ ይዞ ይቅረብ። ምክንያቱ እንደተወገደ ግን ሳይውል ሳያድር፤ ለማመልከቻው ያለው ጊዜ 10 ቀን ብቻ ነው።

ማመልከቻው ላይ ምን ይጻፍ?

ራፖር ጸሐፊ ዘንድ ስትሄዱ የውሳኔውን ግልባጭ ይዛችሁ ሂዱ። ግልባጭ ሳያዩ የሚጻፍ ይግባኝ በጨለማ የተወረወረ ድንጋይ ነው። ግልባጩ ላይ ውሳኔ ሰጪው ለምን እንደዚያ እንዳለ ምክንያቱ ተጽፏል። ይግባኙ መምታት ያለበት ያንን ምክንያት ነው።

«የሥር ፍርድ ቤቱ (መጀመሪያ የወሰነው) አድልቷል፣ ፍትሕ ተጓድሏል» የሚል ረጅም ገጽ ብዙ ጊዜ አይረዳም። «ፍርድ ቤቱ ደመወዜን 3,000 ብር ነው ብሎ ያሰላው በገጽ 2 ላይ ነው፤ በአባሪ 4 ያቀረብኩት የባንክ መግለጫ ግን 6,000 ብር ያሳያል» የሚል ሁለት መስመር ይበልጣል።

ሌላም አለ። ይግባኝ አዲስ ክስ አይደለም። በሥር ፍርድ ቤት ያልተነሳ ነገር በይግባኝ ማንሳት በመርሕ አይፈቀድም፤ አዲስ ማስረጃም የሚገባው አልፎ አልፎ ነው። ስለዚህ ምስክሩም፣ ካርዱም፣ የደመወዙ ወረቀትም ገና ከመጀመሪያው ፋይል ውስጥ መግባት አለበት። «ለይግባኝ አስቀምጬዋለሁ» ማለት ከባድ ስህተት ነው።

ይግባኝ ካልኩ በኋላ ምን ይሆናል?

ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት መጀመሪያ የእናንተን ወገን ብቻ ይመረምራል። የሚያከራክር ነገር ካላገኘ ሌላውን ወገን ሳይጠራ መዝገቡን ይዘጋል። ካገኘ «ያስቀርባል» ይባላል፤ መልስ ሰጪው ይጠራል። ያስቀርባል ተባለ ማለት አሸነፋችሁ ማለት አይደለም። ሰዎች በዚህ ቃል ተደስተው ድግስ ሲያስቡ አይቻለሁ። ሊሰሙን ፈቀዱ ማለት ብቻ ነው።

መጨረሻ ላይ ውሳኔው ይጸናል፣ ይሻሻላል፣ ወይም ይሻራል። አራተኛም አለ፦ ጉዳዩ ወደ ሥር ፍርድ ቤት ይመለሳል። ለምሳሌ ቦርዱ ሳያይ ፐርሰንት ተወስኖ ከሆነ «በቦርድ ታይቶ ይወሰን» ተብሎ ይመለሳል። የተመለሰለት ሰው የተሸነፈ ይመስለዋል። አልተሸነፈም፤ ጉድለቱ እንዲሞላ ተባለ እንጅ።

በይግባኝም ካልተሳካ የሚቀረው ሰበር ነው። ሰበር ፍሬ ነገሩን ደግሞ አይመረምርም፤ ምስክር አይሰማም፤ ፐርሰንት አይለካም። የሚያየው መሠረታዊ የሕግ ስህተት ብቻ ነው። የፍርድ ቤቱ መንገድ ባሕር ዳር ወዳለው የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት፣ ከዚያም ወደ ፌዴራል ሰበር ይወስዳል። የጉባኤው መንገድ ደግሞ ወደ ፌዴራል ሰበር። «ጉዳቱ በሰርቪስ መኪና ላይ መድረሱ ተረጋግጦ ሳለ የሥራ ላይ አይደለም ተባለ» የሚለው የሕግ ጥያቄ ነው። «20 ሳይሆን 30 ነበር» የሚለው አይደለም።

ካሸነፍኩስ፣ ገንዘቡ ወዲያው ይገባል?

ላይገባ ይችላል። አሠሪው በፈቃዱ ካልከፈለ አፈጻጸም የሚባል ሌላ መዝገብ ይከፈታል። አሸናፊው የፍርድ ባለመብት፣ ተሸናፊው የፍርድ ባለዕዳ ይባላሉ። እዚህ ላይ የሚጠቅመው የባለዕዳው ንብረት የት እንዳለ ማወቅ ነው፦ የባንክ ሒሳብ፣ መኪና፣ ማሽን። አሠሪው ይግባኝ ብሎ እግድ ካወጣ ክፍያው እስከዚያ ይቆማል። ተስፋ ቆርጦ ፋይሉን መተው አይገባም፤ የአፈጻጸም ማመልከቻ ፍርዱ ከተሰጠ ጀምሮ እስከ 10 ዓመት ሊቀርብ ይችላል።

የጉዳት ካሳ ግብር አይቆረጥበትም። ለሌላ ዕዳም አይያዝም። «ያበደርኩህን ከካሳህ ላይ ቀንሻለሁ» የሚል አሠሪ ካለ ሕጉ ከሠራተኛው ጋር ነው።

ያው ሰው ዳግም ሥራ ላይ ቢጎዳ ፐርሰንቱ በአዲሱ ሁኔታ እንደገና ይወሰናል። ስለዚህ የመጀመሪያው የቦርድ ወረቀት ካሳው ከተበላ በኋላም አይጣል።

ወጪው ያስፈራችሁ እንደሆነ፣ ሠራተኛ በሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። ጠበቃ የማይችል ሰው በደብረ ማርቆስና በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች በኩል ነፃ የሕግ ድጋፍ መጠየቅ ይችላል። ሲሄድ የውሳኔውን ግልባጭ፣ የቦርዱን ወረቀት፣ የመጀመሪያ ቀን ካርዱንና የደመወዝ ማስረጃውን ይዞ ይሂድ፤ የሁሉንም ፎቶ ኮፒ ቤቱ አስቀርቶ።